ከኮሮና በኋላ ልብ ሲሮጥ፦ ከኪኒኑ በፊት ምቱ ይመዝገብ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ኮሮና ይዞኝ ነበር። ትኩሳትና ሳል ነበረኝ፤ ሆስፒታል ሳልተኛ ቤት ውስጥ አሳለፍኩት። አሁን ትኩሳቱም ሳሉም የለም። ልቤ ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ተኝቼ እያለሁ ሰዓቴ 75 ያሳያል፤ ተነስቼ ስቆም 125 ይደርሳል፤ ድው ድው ሲል ይሰማኛል፣ ጭንቅላቴም ቅልል ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ምት የሚዘለኝ ይመስለኛል። ኢሲጂ ተነስቼ ‹ምንም የለብሽም› ተባልኩ። ቫይረሱ ልቤን ጎድቶት ይሆን? እናቴ ለደም ግፊት የምትወስደው፣ የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒን ቤት አለ። እሱን ልጀምር?»

ምላሽ፦ ኪኒኑን አይጀምሩ። ከዚህ በታች ምክንያቱን በሰፊው እጽፋለሁ፤ ይህችን ብቻ አንብበው ቢተዉት እንኳ ይህች ትያዝልኝ። ልብዎ ለምን እንደሚሮጥ ሳይታወቅ ሩጫውን ማፈን ሕክምና አይደለም።

«ምንም የለብሽም» የተባሉትንም እንዳለ አይውሰዱት። የመረመረዎት ሰው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ተራ ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የሰው ልብ ደግሞ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። በዚያ ላይ እርስዎ የሚቸገሩት ሲቆሙ ነው፤ የተመረመሩት ግን ተኝተው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚናገረው «በዚያች 10 ሰከንድ፣ ተኝተሽ ሳለ፣ ደህና ነበርሽ» ብቻ ነው። ዋጋ የለውም አልልም። ከልደት ጀምሮ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ቢኖር ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ይታያል። ሆኖም ጥያቄዎን አልመለሰም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስተካክል። ብዙ ሰው «የልብ ምት መዛባት» ሲባል አንድ በሽታ ይመስለዋል። በዚህ ስም ሥር ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ተጠራቅመዋል። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ሳይነስ ኖድ የምትባል ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለች። ለእያንዳንዱ ምት ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ታዝዛለች። ሲሮጡ፣ ሲደነግጡ ወይም ሲያተኩስዎ ትጨምራለች። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ምቱ በደቂቃ 10 ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ ሲሆን ልብ ፈጠነ እንጂ ሥርዓቱ አልፈረሰም። አዛዡም ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

ሌላው ዓይነት ትእዛዙ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ችግር የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በቅጡ መጨማደድ ትተው ይርገበገባሉ፤ ምቱም ወጥነት ያጣል። ከታችኛዎቹ ክፍሎች የሚነሳ ፈጣን ምት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ሰዓትዎ 125 ሲል ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግርዎትም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ያው ነው። ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጥራል፤ ማን እንዳዘዘው አያውቅም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ከቻይናዋ ውሃን ከተማ አንድ ጥናት ወጣ። ሆስፒታል ከተኙ 138 የኮሮና ሕሙማን 16.7 በመቶዎቹ የልብ ምት መዛባት ነበረባቸው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት መካከል ደግሞ 44.4 በመቶዎቹ። ይህ ቁጥር ዓለምን ዞረ፣ ብዙ ሰውም አስደነገጠ። ችግሩ ጥናቱ የትኛው ዓይነት መዛባት እንደሆነ አለመለየቱ ነው። በትኩሳት የፈጠነ ልብና ሊቆም የተቃረበ ልብ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

በዚያው ዓመት በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተኙ 700 ሕሙማንን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች ነገሩን ለያይተው ጻፉት። 25 ጊዜ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ 9 ጊዜ አሳሳቢ የሆነ የምት መቀነስ፣ 10 ጊዜ ከታችኛው ክፍል የተነሳና በራሱ የቆመ ፈጣን ምት፣ 9 ጊዜ ደግሞ የልብ መቆም አገኙ። ልባቸው የቆመባቸው ሕሙማን በሙሉ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ ናቸው። ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቫይረሱ እንደ ሌባ ተደብቆ የጤነኛ ሰው ልብ እየገባ በድንገት አያቆምም። ልብ በአብዛኛው የሚናወጠው መላ ሰውነት ሲናወጥ ነው።

በጠና የታመመ ሰው ላይ ልብን የሚያናውጡት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ተደራርበውም ይመጣሉ። ሳንባ ሲጎዳ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የልብ ጡንቻ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት አይችልም። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚለቃቸው የብግነት ኬሚካሎች ሲበዙ የልብን ኤሌክትሪክ ያውካሉ። ተቅማጥ፣ ትውከትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ያወርዳሉ፤ የልብ ሕዋሳት ኤሌክትሪካቸውን የሚጠብቁት በእነዚህ ንጥረ ነገሮች ነው። ደም ይረጋና ወደ ሳንባ ሄዶ ይዘጋል፤ ያኔ የልብ ቀኝ ክፍል ይጨነቃል። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት ኤሲኢ2 የተባለው በር በልብ ላይም ስላለ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ የልብ ጡንቻ ራሱ ይቆጣል። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ሳለ ምቱ መጨመር የሚገባውን ያህል አይጨምርም። ሬምዴሲቪር የተባለው የኮሮና መድኃኒትም አንዳንዴ ምት ይቀንሳል።

ስለ መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የኪኒን ጥያቄዎን በቀጥታ የሚነካ ታሪክ ስላለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ወራት የወባ መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን አዚትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር በብዙ አገር ለኮሮና ይሰጥ ነበር። ሐኪም ሳያዝ ገዝቶ የዋጠም ብዙ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ልብ ከአንዱ ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን ለቀጣዩ የሚያድስበትን ጊዜ ያስረዝማሉ። ይህ ጊዜ በኢሲጂ ላይ ኪውቲ በሚባለው ርዝመት ይለካል። ለልብ ፍጥነት ተስተካክሎ ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ አደገኛው የታችኛው ክፍል ምት ሊቀሰቀስ ይችላል። ፖታሲየሙ በወረደ ሕመምተኛ ላይ ሁለቱን ደርቦ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ እንደ ማርከፍከፍ ነው። በመጨረሻ በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ ጥናት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከሞት እንደማያድን አሳየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ሰጥቶት የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ጁን 15 ቀን 2020 ሰረዘ። ጥቅሙ ያልተረጋገጠ፣ ጉዳቱ ግን ልብ ላይ የሚያርፍ መድኃኒት ነበር። በቅን ልብ የተደረገ ነገር መሆኑ ጉዳቱን አላስቀረውም።

ዛሬም ጥንቃቄው አልቀረም። ፓክስሎቪድ በተባለው የኮሮና መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪቶናቪር የብዙ መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ቀድሞውንም ለልብ ምት አሚዮዳሮን፣ ፍሌካይናይድ ወይም ፕሮፓፊኖን የሚወስድ ሰው ከእሱ ጋር ሊቀላቅለው አይገባም። ዲጎክሲንና አንዳንድ የደም ማቅጠኛዎችም ጥብቅ ክትትል ይፈልጋሉ። አፍንጫ ለሚዘጋ ጉንፋን የሚሸጡት ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ኪኒኖችም ልብ ያስሮጣሉ። የአስም መንፊያም እንዲሁ። ሰው ኮሮናን ሲፈራ እነዚህን ይረሳል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ከጻፉት ሁሉ ዓይኔን የሳበው አንድ ነገር ነው፦ ተኝተው 75፣ ቆመው 125። የ50 ልዩነት አለው። ይህ ችግሩ ከልቡ ጡንቻ ይልቅ ልብን ከውጭ የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ላይ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁመኛል። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ጤነኛ ሰውነት የደም ሥሮቹን ወዲያው ጠበብ አድርጎ፣ ምቱንም በመጠኑ ጨምሮ ደሙን ወደ ላይ ይመልሳል። ከኢንፌክሽን በኋላ ይህ ቁጥጥር ሲላላ የደም ሥሮቹ በቅጡ አይጠብቡም። ያኔ ልብ የጎደለውን በፍጥነት ሊሞላ ይሮጣል። ድው ድው የሚለው ለዚህ ነው፤ ጭንቅላትዎ የሚቀለውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁኔታ ጸንቶ ሲቆይ ፖትስ የሚባል ስም አለው። በአዋቂ ሰው ላይ ፖትስ ለማለት ከቆሙ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉ ደግሞ 40። የደም ግፊቱ አብሮ መውረድ የለበትም፤ ምልክቱም ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት። እርስዎ ገና ዘጠነኛ ሳምንት ላይ ነዎት። ስለዚህ ስሙን አሁን አልለጥፍብዎትም። ብዙ ሳምንት ተኝቶ የከረመ፣ ከእንቅስቃሴ የራቀ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል።

ቤት ውስጥ ይህን ያድርጉ። አጠገብዎ ሰው ይኑር። 10 ደቂቃ ጋደም ይበሉና ምትዎንና የደም ግፊትዎን ይለኩ። ከዚያ ተነስተው ሳይራመዱ፣ ግድግዳ ሳይደገፉ ይቁሙ። በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ይለኩ፣ ይጻፉ። ዓይንዎ ከጨለመብዎት ወዲያው ይቀመጡ፤ ፈተና አይደለም። ሌላም አለ፦ ሁለት ጣትዎን አንጓዎ ላይ አድርገው፣ በሌላው እጅ ጠረጴዛውን ከምቱ እኩል መታ መታ ያድርጉ። ድምፁ እኩል እየሄደ ፈጣን ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ምንም ሥርዓት የሌለው፣ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ይህንን ለሐኪም ቶሎ ይንገሩ።

የሚዘለው ምት ብዙዎችን ከፍጥነቱ በላይ ያስፈራል። ብዙውን ጊዜ ግን ዘለለ የሚባለው ምት አልዘለለም፤ ቀድሞ መጥቷል። ልብ በደንብ ሳይሞላ ስለሚመታ አይሰማዎትም። ከዚያ ጥቂት ይዘገይና ቀጣዩ ምት በብዙ ደም ይመጣል፤ ደረትዎ ውስጥ ዱብ የሚለው እሱ ነው። ጤነኛ ሰው ላይም በየቀኑ ይከሰታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ቡናና ጭንቀት ያበዙታል። ልብ ጡንቻው ደህና ከሆነና ምቱ አልፎ አልፎ ከሆነ አያሳስብም። በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚበዛ ወይም ራስን ከመሳት ጋር የሚመጣ ከሆነ ግን ያሳስባል።

«ነርቭ ነው» ብሎ ከመዝጋት በፊት ሌሎች በሮች መፈተሽ አለባቸው። ደም ማነስ ልብን ያስሮጣል፤ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ላይ ደግሞ የተለመደ ነው። እርግዝናም እንዲሁ ያስሮጣል። ከኮሮና በኋላ የታይሮይድ ዕጢ ተቆጥቶ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊለቅ ይችላል፤ አንገት ፊት ለፊት ካመመዎት ለሐኪሙ ይንገሩት። ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም የሚያስከትለው ዋነኛ ምልክት ትንፋሽ ማጠርና ፈጣን ምት ነው። የልብ ጡንቻ መቆጣት ደግሞ ደረት ያማል፣ አቅም ያሳጣል። ይህ መኖሩ ከተረጋገጠ ከጠንካራ ስፖርት ከ3 እስከ 6 ወር መራቅ ያስፈልጋል። ጭንቀትም እውነተኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጭንቀት ነው የሚባለው ሌላው ከታየ በኋላ እንጂ ሐኪሙ ሲቸኩል አይደለም። ሴቶች ይህን መልስ ያለ ምርመራ ይዘው ሲወጡ ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የእናትዎ ኪኒን ለምን እንደማይሆን አሁን ግልጽ ነው። ምናልባት ቤታ ብሎከር ከሚባሉት አንዱ ነው። ልብዎ የሚሮጠው ደም ስላነሰዎት ወይም ሳንባዎ ውስጥ ደም ስለረጋ ቢሆን፣ ኪኒኑ ሰውነትዎ የያዘውን ብቸኛ መከላከያ ይነጥቀዋል። ቁጥሩ ያምራል፣ በሽታው ይቀጥላል። አስም ካለብዎ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። የደም ግፊትዎ ሲቆሙ የሚወርድ ከሆነ ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። ደግሞ እናትዎንም ያስቡ። ኪኒናቸው ቀድሞ ቢያልቅባቸውና በድንገት ቢያቋርጡት ግፊታቸውና ምታቸው ተስፈንጥሮ ሊነሳ ይችላል። አንድ ኪኒን ለሁለት ሰው ሲካፈል ሁለቱም ይጎዳሉ።

በዚህ መሐል ማድረግ የሚችሉት አለ። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይጠጡ፤ ግማሽ ሊትሩ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ቢሆን ጥሩ ነው። ጨው መጨመር ይረዳል፣ ግን የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ችግር እንደሌለብዎ ሐኪም ካረጋገጠ ብቻ። ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይቁሙ። እስከ ወገብ የሚደርስ አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ደሙ እግር ላይ እንዳይቀር ያግዛል። አደገኛዎቹ ምክንያቶች ከሌሉ እንቅስቃሴ ይጀምሩ፤ ግን ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ወይም ተኝተው። ቋሚ ብስክሌት፣ መቅዘፊያ፣ ዋና ጥሩ ናቸው። በትንሽ ደቂቃ ይጀምሩ። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ካቃተዎት በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሱ። «ታግለሽ አሸንፊው» የሚሉዎትን አይስሟቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ መድኃኒት አለ። በዝቅተኛ መጠን የሚሰጥ ፕሮፕራኖሎል የተባለ ቤታ ብሎከር ወይም ሳይነስ ኖድን ብቻ የሚያዘገየው አይቫብራዲን ይሞከራል። ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ልብ ይበሉ፣ የእናትዎ ኪኒን ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት በመጨረሻ ለእርስዎም ሊታዘዝ ይችላል። ልዩነቱ ያኔ ምክንያቱ ታውቆ፣ መጠኑ ተለክቶ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ሁሉም አይደለም፤ ቀኑን ቆርጬ ልነግርዎ አልችልም።

ምርመራው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ካሳየ መንገዱ ይቀየራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍጥነቱ መሆኑ ይቀርና ስትሮክ ይሆናል፤ በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የቀድሞ ስትሮክ ታይተው ደም ማቅጠኛ ያስፈልግ እንደሆነ ይወሰናል። ኢንፌክሽኑ ሲያልፍ ምቱ ቢስተካከል እንኳ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን አጥብቆ ከያዘዎት፣ አርፈው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ አንዱ እግርዎ ብቻ ካበጠ፣ ደም ከሳሉ፣ ወይም ምቱ አርፈውም ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተንተባተበ ደግሞ ደቂቃ አይባክን።

እነዚህ ከሌሉ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይመለሱ። የመተኛትና የመቆም ቁጥሮችዎን የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የጉንፋኑንም ጨምሮ፣ ይጻፉ። የደም ቆጠራ፣ ታይሮይድ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም፣ የእርግዝና ምርመራ እንዲታይልዎ ይጠይቁ፤ ሐኪሙ ካመነበት የልብ አልትራሳውንድም ይታከል። ከሁሉ በላይ ግን ሆልተር የሚባለውን የልብ ምት መመዝገቢያ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት እንዲያስሩልዎ ይጠይቁ። ያን ቀን አልጋ ላይ አይዋሉ። ደረጃ ይውጡ፣ ይቁሙ፣ የሚያስሮጥዎትን ነገር ሁሉ ያድርጉ። ልብዎ ሲመታብዎት ወይም ሲዘልብዎት ሰዓቱን ይጻፉ፤ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ ያችን ደቂቃ ፈልጎ ያገኛታል። በሁለት ቀን ካልተያዘ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚቆይ መመዝገቢያ ይጠይቁ።

የእናትዎን ኪኒን ግን ወደነበረበት ይመልሱት።